ጤነኛውም ሕዋስ ግሉታታዮን አለው፤ ታዲያ ዒላማው የት አለ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ የኬሚስትሪ ተማሪ የሆኑ ጠያቂ ለመመረቂያ ሥራቸው አንድ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውል) ሠርተዋል። ግማሹ ውኃ ወዳዱ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል፣ ግማሹ ውኃ ሸሺው ፖሊካፕሮላክቶን ሲሆን ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ የዳይሰልፋይድ ትስስር፣ ማለትም የሁለት ሰልፈሮች ጥምረት ነው። ፖሊመሩ ውኃ ውስጥ ሲገባ ተሰባስቦ ሚሴል የሚባል ጥቃቅን ሉል ይሆናል፤ በሆዱም ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ይይዛል። በሕዋሳት ውስጥ የሚገኝና ይህን ትስስር የሚፈታ ግሉታታዮን የተባለ ሞለኪውል በ10 ሚሊሞላር ሲጨመርበት አብዛኛው መድኃኒት በአንድ ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ሳይጨመርበት ግን የሚወጣው ጥቂት ነው። ይሁንና በሳህን ላይ በሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲሞክሩት ከነጻው ዶክሶሩቢሲን ደክሞ ተገኘ። በዚህ ላይ አንድ ገምጋሚ «ጤነኛውም ሕዋስ ግሉታታዮን አለው፤ ታዲያ ዒላማው የት አለ?» ብለው ጠየቋቸው፤ መልስ አጡ። ሥራቸው ከንቱ እንደሆነና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወደሚከፈት ትስስር መለወጥ ይሻላቸው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ገምጋሚዎ ትክክል ናቸው፤ የእርስዎም ሥራ ዋጋ አለው። ሁለቱ የሚጋጩ የመሰሉት «ዒላማ» የሚለው ቃል ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ ነው። በዚህ መስክ ከሚጻፉት ጽሑፎች ብዙዎቹ መግቢያቸው ላይ «የካንሰር ሕዋስ ግሉታታዮን ስለሚበዛበት ተሸካሚው የሚከፈተው እዚያ ብቻ ነው» ይሉና ያልፋሉ። ይህን አባባል ባነበብኩ ቁጥር ይከፋኛል። እውነትና ምኞት አብረው ተሰፍተውበታል፤ ወጣቱ ተመራማሪም ምኞቱን እንደ እውነት ይዞ ፈታኞች ፊት ይቆማል። እርስዎ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ግሉታታዮን ከግሉታሜት፣ ከሲስቴይንና ከግላይሲን የተሠራ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በሲስቴይኑ ጫፍ ባለው ታዮል፣ ማለትም በሰልፈርና በሃይድሮጅን ጥንድ ነው። በሕዋስ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር ይገኛል። በደም ፕላዝማ ውስጥ ግን ከ2 እስከ 20 ማይክሮሞላር ብቻ ነው (ማይክሮሞላር የሚሊሞላር አንድ ሺኛ ነው)። በሕዋሱ ውስጥና በውጭው መካከል ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ ልዩነት አለ ማለት ነው። አሁን ደግሞ የካንሰርን ሕብረ ሕዋስ ከጤነኛው ጋር እናነጻጽር። የካንሰሩ ከፍ ብሎ የተገኘባቸው መለኪያዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውም አራት እጥፍ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ከዕጢ ወደ ዕጢ ይለያያል፤ በአንድ ዕጢ ውስጥ እንኳ ዳሩና መሐሉ አንድ አይደሉም። በ10 ሚሊሞላር ተከፍቶ በ2.5 ሚሊሞላር ዝም የሚል የዳይሰልፋይድ ትስስር የለም። በሁለቱም ይከፈታል፤ በአንዱ ትንሽ ይፈጥናል፣ በሌላው ትንሽ ይዘገያል።

ስለዚህ የእርስዎ ትስስር የሚለየው የሕዋስን ውስጥ ከውጭው ነው። ካንሰርን ከጤና አይለይም። ለገምጋሚዎ የሚሰጡት መልስ መነሻው ይህ ነው፤ በድፍረት ይናገሩት፤ ምክንያቱም ይህ ልዩነት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ለምን ትልቅ እንደሆነ የተሸከሙት መድኃኒት ራሱ ይመሰክራል። ዶክሶሩቢሲን ልብን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ይጠራቀማል። ሐኪሞች አንድ ታማሚ በሕይወት ዘመኑ የወሰደውን ጠቅላላ መጠን እየደመሩ የሚከታተሉት፣ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ሲደርስም የሚያቆሙት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶክሲል ይህንኑ መድኃኒት በሊፖሶም፣ ማለትም በጥቃቅን የቅባት ከረጢት ሸፍኖ የሚሰጥ ነው። ዶክሲል በሐኪሞች ዘንድ የተወደደው ልብን በመጠበቁ ነው፤ ዕጢን በመግደል ረገድ ከነጻው መድኃኒት ያለው ብልጫ ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። በመንገድ ላይ መድኃኒቱን የማያፈስ ተሸካሚ፣ ካንሰርን ለይቶ ባያውቅም፣ ለታማሚው የሚያደርገው ነገር አለ። ችግሩ አጥብቆ የሚይዝ ተሸካሚ ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላም አጥብቆ መያዙ ነው። ዳይሰልፋይድ የመጣው ይህን ለመፍታት ነው፦ ውጭ ዝም እንዲል፣ ውስጥ እንዲናገር።

ወደ ዕጢው የሚያደርሰው ግን ትስስሩ አይደለም፤ የማድረሱ ሥራ የሌሎች ነው። አንደኛው መጠን ነው። ከ5 ወይም ከ6 ናኖሜትር ያነሰ ነገር በኩላሊት ተጣርቶ ይወጣል፤ ከጥቂት መቶ ናኖሜትር የበለጠ ደግሞ ከደም ሥር ለመውጣት ይቸገራል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1986 ያሱሂሮ ማትሱሙራና ሂሮሺ ማኤዳ የገለጹት ክስተት ነው፦ በዕጢ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ስንጥቅ የበዛባቸው በመሆናቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች ወደ ዕጢው ሾልከው ይገባሉ፤ የሊምፍ ፍሳሹ ደካማ ስለሆነም እዚያው ይቆያሉ። ሦስተኛው በሚሴሉ ገጽ ላይ የሚተከል መሪ ሞለኪውል ነው፤ ፎሌት፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ትራንስፈሪን ወይም አጭር ፔፕታይድ ሊሆን ይችላል። እርስዎ እንደገለጹት ሚሴልዎ መሪ ሞለኪውል የለውም። ስለዚህ «ወደ ዒላማ የሚሄድ» የሚለውን ሐረግ ከርዕስዎ ላይ ያንሱት። መጠኑ ብቻ የሚሰጠው ጥቅም ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የዋረን ቻን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 የአሥር ዓመታት ጥናቶችን ሰብስቦ ያሰላውን ያስታውሱ፦ ወደ እንስሳት ከተወጋው የናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ነበር። ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም።

ቀሪው የት ይሄዳል? ብዙው ጉበት ውስጥ ይቀራል፤ በተለይ ኩፕፈር የሚባሉት የጉበት በላተኛ ሕዋሳት ይውጡታል። አሁን ይህን ከግሉታታዮን ጋር ያገናኙት። ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ በግሉታታዮን ከበለጸጉት ቀዳሚው ጉበት ነው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ግሉታታዮን በአመዛኙ የሚያመነጨውም እሱ ነው። እንግዲህ ቅንጣቱን በብዛት የሚቀበለውና ትስስሩን በቀላሉ የሚከፍተው አንድ አካል ነው፤ እሱም ጤነኛ ነው። የገምጋሚዎ ጥያቄ እጅግ የሚያምመው እዚህ ላይ ነው። «ካንሰር ውስጥ ብቻ ይከፈታል» ብለው ከጻፉ ጉበት ብቻውን ያስተባብልዎታል። በእንስሳት ላይ ለመሞከር ካሰቡም የጉበት ኢንዛይሞችን መለካት ከዕጢው መጠን እኩል ቦታ ይስጡት።

ብዙ ሰው የሚዘለውና እኔ ግን ረዘም አድርጌ ልቆይበት የምፈልገው ነጥብ ሌላ ነው። የዳይሰልፋይድ ትስስር የሚፈታው በልውውጥ ነው። ግሉታታዮን ሃይድሮጅኑን ጥሎ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ታዮሌት ሲሆን ከሁለቱ ሰልፈሮች አንዱን ያጠቃል፤ ሌላው ሰልፈር ይለቀቃል። ቀጥሎ ሁለተኛ ግሉታታዮን ይመጣና የመጀመሪያውን ያላቅቀዋል። የሚያጠቃው ታዮሌቱ እንጂ ታዮሉ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። የግሉታታዮን ታዮል ሃይድሮጅኑን በግማሽ የሚለቀው ፒኤች 9 አካባቢ ነው። ስለዚህ በፒኤች 7.4 ታዮሌት የሚሆነው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ ነው፤ በፒኤች 5 ደግሞ ከአሥር ሺህ አንድ ገደማ ብቻ።

ሚሴሉ ሕዋስ ውስጥ የሚገባው በየት ነው? ሽፋኑን ቀዶ አይገባም። ሕዋሱ በሽፋኑ ከብቦ ይውጠውና ኢንዶዞም በሚባል ከረጢት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከረጢቱ ቀስ በቀስ አሲዳማ እየሆነ ሄዶ ሊሶዞም ሲሆን ፒኤቹ ወደ 5 ይወርዳል። ጽሑፎች ሁሉ የሚመኩበት ሚሊሞላር ግሉታታዮን ያለው ከዚህ ከረጢት ውጭ፣ ሳይቶሶል በሚባለው የሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ነው። በመካከል ሌላ ሽፋን አለ። ሚሴልዎ ሕዋሱ ውስጥ ገብቷል፤ ነገር ግን ግሉታታዮኑ ወዳለበት ክፍል ገና አልደረሰም፤ ባለበት ክፍል ደግሞ አሲዱ ልውውጡን ያዘገየዋል። በዚህ ከረጢት ውስጥ ዳይሰልፋይድ ይፈታል ወይስ አይፈታም የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት በጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ በፀረ እንግዳ አካል የተላከ ዳይሰልፋይድ በእነዚህ ከረጢቶች ውስጥ እምብዛም እንደማይፈታ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በፎሌት የተላከ ዳይሰልፋይድ በኢንዶዞም ውስጥ በሰዓታት ዕድሜ ሲፈታ ተመለከተ። ሕዋሱ፣ የመግቢያው መንገድና ትስስሩ የታሰረበት ነገር ሲለያዩ ውጤቱም ይለያያል።

በአሲድ ውስጥ የሚሠራ አንድ ረዳትም አለ። ጊልት የሚባለው የሊሶዞም ኢንዛይም ዳይሰልፋይድን በዝቅተኛ ፒኤች ይፈታል። ግን ይህ ኢንዛይም ሁልጊዜ በብዛት የሚገኘው ባዕድ ነገርን ውጠው ለበሽታ መከላከያው በሚያሳዩት ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ በሌሎቹ ውስጥ በአመዛኙ የሚነሳው በኢንተርፌሮን ጋማ ትእዛዝ ነው። ቅንጣቶችን ይበልጥ የሚውጡት በላተኞች ለመክፈትም ከካንሰሩ ሕዋስ የተሻለ መሣሪያ አላቸው ማለት ነው። ትስስሩ ካንሰርን ይመርጣል የሚለው አባባል ከዚህም አቅጣጫ ይፈርሳል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረ ክርክር እንዳይመስልዎ ከሕክምናው ዓለም ምሳሌዎችን ላምጣ። ፖሊመሮች አይደሉም፤ ትስስሩ ግን ያው የእርስዎ ነው። ቪንታፎላይድ የተባለው መድኃኒት ከቪንብላስቲን ቤተሰብ የሆነን መርዝ በዳይሰልፋይድ አማካይነት ከፎሌት ጋር ያሰረ ነበር። ንድፉ ውብ ነው፦ ፎሌቱ ይመራል፣ ትስስሩ ይለቃል። በፕላቲነም መድኃኒት ላልተበገረ የእንቁላል እጢ ካንሰር ሦስተኛው ምዕራፍ ሙከራ ድረስ ከሄደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥቅም እንደማይሰጥ ታይቶ ሙከራው ቆመ። ሚርቬቱክሲማብ ሶራቭታንሲን ደግሞ የሚያነጣጥረው እዚያው ፎሌት ተቀባይ ላይ ነው፤ በሽታውም ያው ነው፤ መርዙም የታሰረው በዳይሰልፋይድ ነው። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የተፋጠነ ፈቃድ፣ በ2024 ሙሉ ፈቃድ አገኘ። አንደኛው ትንሽ ሞለኪውል ስለነበር ከደም ቶሎ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ ለቀናት ይዘዋወራል። የተሸከሙት መርዝም ይለያያል። በተጨማሪ በሁለተኛው ውስጥ ከሰልፈሩ አጠገብ ሁለት የሜቲል ቡድኖች ተቀምጠው የሚያጠቃውን ታዮሌት መንገድ ያጠቡበታል፤ በዚህም ትስስሩ በደም ውስጥ ይጸናል። አንድ ተቀባይ፣ አንድ ዓይነት ትስስር፣ ሁለት ዕጣ።

ሦስተኛው ምሳሌ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈቀደው ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ሲሠራ በዳይሰልፋይድ የታሰሩ ቅጂዎችም ተሞክረው ነበር። በእንስሳት ላይ የተሻለ ውጤት ያመጣውና መርዛማነቱ ያነሰው ግን ጨርሶ በሬዶክስ፣ ማለትም በኤሌክትሮን ልውውጥ የማይፈታው፣ አንድ ሰልፈር ብቻ ባለው በታዮኤተር ትስስር የታሰረው ሆኖ ተገኘ። ሊሶዞሙ ፀረ እንግዳ አካሉን ራሱን ሲፈጭ መርዙ ወጣ። ትስስሩ መፈታት አላስፈለገውም። ይህን ታሪክ የምነግርዎ እንዲያዝኑ አይደለም። አንድ ነገር ውስጥ ስለተለቀቀ ብቻ «ዳይሰልፋይዱ ለቀቀው» ማለት እንደማይቻል እንዲያዩት ነው። የእርስዎም ዶክሶሩቢሲን በአሲዱ ምክንያት ሊወጣ ይችላል፤ ደካማ ቤዝ ስለሆነ በአሲድ ውስጥ ቻርጅ ይዞ በውኃ ይሟሟል።

በደም ውስጥ ያለው ጽናትም ቀለል ተደርጎ ይታያል። «በፕላዝማ ውስጥ ግሉታታዮን በማይክሮሞላር ስለሆነ ሚሴሉ አይነካም» ይባላል። ፕላዝማ ውስጥ ግን ታዮል ያለው ግሉታታዮን ብቻ አይደለም። አልቡሚን በ34ኛው ቦታው አንድ ነጻ ሲስቴይን አለው። የአልቡሚን መጠን 600 ማይክሮሞላር ገደማ ስለሆነና አብዛኛው ይህን ሲስቴይን ነጻ አድርጎ ስለሚይዝ፣ በደም ፕላዝማ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ታዮል የአልቡሚን ነው። የደም ሥርን በሚሸፍኑ ሕዋሳት ገጽ ላይም ዳይሰልፋይድ የሚፈቱ ፕሮቲኖች አሉ። ስለዚህ ሚሴልዎን በጨው መፍትሔ ብቻ ፈትሸው «ጽኑ ነው» አይበሉ፤ 37 ዲግሪ ላይ ባለ ሙሉ ፕላዝማ ውስጥ ይፈትሹት። የቅንጣት መጠን መለኪያው በፕሮቲኖች ስለሚታወክ፣ በሚሴሉ ሆድ ሁለት ተጓዳኝ የፍሎረሰንስ ቀለሞችን ከተው በመካከላቸው ያለውን የጉልበት ዝውውር መከታተል የተሻለ ነው። ዝውውሩ ከጠፋ ሚሴሉ ፈርሷል ወይም ቀለሞቹ ሾልከው ወጥተዋል።

አሁን ወደ ሙከራዎ ልምጣ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ 10 ሚሊሞላሩን ግሉታታዮን ከጨመሩ በኋላ የመፍትሔውን ፒኤች ለክተዋል? ግሉታታዮን አሲድ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል በፒኤች 7.4 ሲቀመጥ አንድ ሃይድሮጅን አዮን ይለቃል። ፒኤችን ለማጽናት የሚጨመረው የተለመደው 10 ሚሊሞላር ፎስፌት ያን ሁሉ የመሸከም አቅም የለውም፤ ሳይስተካከል ከተተወ ፒኤቹ ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ በአሲድ ውስጥ በቀላሉ ከሚሴሉ ይወጣል። ስለዚህ «በግሉታታዮን ተከፈተ» ብለው የጻፉት ኩርባ የአሲድ ኩርባ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ይህንኑ ስህተት ሠርቼ ወራት አጥፍቻለሁ፤ ውጤቱ ያማረ ስለነበር አልጠረጠርኩትም። ለሌላ ሰው እንዳይደርስ ብዬ በየአጋጣሚው እናገረዋለሁ። ግሉታታዮኑን ከቀላቀሉ በኋላ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7.4 ይመልሱት።

ግሉታታዮን በአየር ውስጥ እርስ በርሱ ተጣምሮ ኦክሳይድ ይሆናል፤ በ37 ዲግሪ የ24 ሰዓት ሙከራ መጨረሻ ላይ የጀመሩበት 10 ሚሊሞላር አይኖርም። ናይትሮጅን ያሳልፉበት፣ ብረታ ብረትን የሚይዝ ኢዲቲኤ ጥቂት ይጨምሩ ወይም መፍትሔውን በየጊዜው ይለውጡ። ግሉታታዮኑን ዲቲቲ በሚባለው የቤተ ሙከራ ዳይሰልፋይድ ፈቺ መተካት ግን አይቀልልዎት። ዲቲቲ ከግሉታታዮን እጅግ የበረታ ኤሌክትሮን ሰጪ ነው፤ እሱ የፈታውን ሁሉ ሕዋስ ይፈታዋል ማለት አይደለም። ሚሴሉን ይዞ የወጣውን መድኃኒት ብቻ የሚያሳልፈው የዳያሊሲስ ከረጢትም ራሱ መድኃኒቱን ያዘገያል። ነጻ ዶክሶሩቢሲን በዚያው ዓይነት ከረጢት ውስጥ አስቀምጠው ኩርባውን ከእርስዎ ኩርባ ጎን ይሳሉት፤ አለዚያ የሚያነቡት የሚሴሉን ይሁን የከረጢቱን ባሕርይ ማወቅ አይቻልም።

ሥራዎን የሚያቆመው ዋናው ምሰሶ ግን ማነጻጸሪያ ፖሊመር ነው። በሁሉም ነገር ከእርስዎ ፖሊመር ጋር አንድ የሆነ፣ የሁለቱ ሰልፈሮች ቦታ ብቻ በሁለት ካርቦኖች የተተካ ፖሊመር ይሥሩ። መጠኑ፣ የመድኃኒት ጭነቱ፣ የገጹ ቻርጅ ሁሉ የተቀራረበ ይሁን። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የሰልፈሮቹ ልዩነት ነው ማለት ይችላሉ። ይህ ማነጻጸሪያ የሌለውን የሬዶክስ ጽሑፍ ስገመግም በመጀመሪያው ገጽ ላይ እመልሰዋለሁ።

ይህን ከያዙ «ከነጻው መድኃኒት ደከመ» የሚለው ጭንቀትዎ ይቀልላል። ነጻ ዶክሶሩቢሲን ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ የሕዋሱን ሽፋን በራሱ አልፎ ኒውክሊየስ ይደርሳል። ሚሴሉ ግን መዋጥ፣ መፈታት፣ ከከረጢቱ መውጣት አለበት። ሳህኑ ላይ ልብ የለም፣ ኩላሊት የለም፣ ጉበት የለም፤ ነጻው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሸነፍባቸው ነገሮች ሁሉ እዚያ የሉም። በሳህን ላይ ከነጻው መድኃኒት የሚበልጥ ሚሴል ባገኝ እኔ የምጠረጥረው ፖሊመሩ ራሱ መርዛማ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ውድድሩን በሁለቱ ሚሴሎች፣ በሚፈታውና በማይፈታው መካከል ያድርጉት።

ቀጥሎ የሕዋሱን ግሉታታዮን ዝቅና ከፍ ያድርጉ። ቢኤስኦ የተባለው ኬሚካል ግሉታታዮን የሚሠራበትን የመጀመሪያ ኢንዛይም ይዘጋል፤ የግሉታታዮን ሞኖኤቲል ኤስተር ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ መጠኑን ከፍ ያደርጋል። የሚፈታው ሚሴል ገዳይነት አብሮ ዝቅና ከፍ ካለ፣ የማይፈታው ግን ካልተንቀሳቀሰ፣ ጥሩ ማስረጃ ይዘዋል። እዚህም ወጥመድ አለ፦ ግሉታታዮን ሕዋሱን ከዶክሶሩቢሲን የሚከላከልለት ጋሻ ነው። ቢኤስኦ ጋሻውን ስለሚያነሳ ነጻው መድኃኒት ይበልጥ ሊገድል ይችላል፤ ይህም ከእርስዎ ግምት ተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታል። ነጻ መድኃኒትን ከቢኤስኦ ጋርና ያለ ቢኤስኦ ለብቻ መለካት ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር የዶክሶሩቢሲንን ቀይ ብርሃን ሲያዩም ይጠንቀቁ። በሚሴሉ ውስጥ ተጨናንቆ ሳለ ብርሃኑ ይታፈናል፣ ሲወጣ ይደምቃል፤ ዲኤንኤ ውስጥ ሲሰካ ግን እንደገና ይደበዝዛል። ብርሃኑ የት እንዳለ ይመኑት፤ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ ለማወቅ ግን ሕዋሱን አሟሙተው በክሮማቶግራፊ ይለኩ።

ስለ ንድፉ አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ ትስስሩን ያስቀመጡት በሁለቱ ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ ነው። ሲፈታ ውኃ ወዳዱ ካባ ይወልቃል፤ የቀረው ፖሊካፕሮላክቶን ውኃ ስለሚሸሽ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይረጋል። በዚህ መገለባበጥ ወቅት መድኃኒት ይወጣል፤ የተወሰነው ግን በረጋው ጓል ውስጥ ታስሮ ሊቀር ይችላል። የመልቀቂያ ኩርባዎ መቶ በመቶ ሳይደርስ ጠፍጣፋ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሌሎች መንገዶች አሉ። የሚሴሉን ሆድ በዳይሰልፋይድ ድልድዮች ማስተሳሰር አንደኛው ነው። ሚሴል በደም ውስጥ ሲበረዝ የመፍረስ አደጋ ስላለበት፣ ድልድዮቹ መንገድ ላይ ያጸኑታል፤ ውስጥ ሲደርሱም ይፈታሉ። ለእኔ ከሦስቱ የሚሻለው ይህ ነው፤ አንዱ ትስስር ሁለት ሥራ ይሠራልና። ሌላው መድኃኒቱን ራሱን በዳይሰልፋይድ ከፖሊመሩ ጋር ማሰር ነው። ያኔ መፍሰስ እጅግ ይቀንሳል፤ ግን የተለቀቀው ሞለኪውል ላይ የትስስሩ ቁራጭ እንዳይቀር፣ ሰልፈሩ ነጻ ሲወጣ ራሱን አጥፎ የሚወድቅ ማገናኛ መንደፍ ያስፈልጋል።

ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስለመለወጥ ባጭሩ፦ አሁን አይለውጡ። በፐርኦክሳይድ የሚከፈቱት ትስስሮች፣ ታዮኬታል፣ ቦሮኒክ ኤስተርና ዳይሴሌናይድ፣ ሁሉም የሚስቡ ናቸው። ነገር ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ለመክፈት የሚጨመረው ፐርኦክሳይድ ብዙውን ጊዜ በሚሊሞላር ነው፤ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ያለው በናኖሞላር ደረጃ ሲሆን በካንሰር ውስጥ ቢጨምር እንኳ ወደ ሚሊሞላር አይጠጋም። የግሉታታዮን ቁጥሮች ቢያንስ ከሰውነት የተወሰዱ ናቸው።

ለገምጋሚዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ይህ ሚሴል ወደ ካንሰር የሚመራ ነገር የለውም። በካንሰርና በጤነኛ ሕዋስ መካከል እንዲለይም አልጠብቅበትም። የፈተንኩት በደም ውስጥ ተዘግቶ የሚቆይና ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ከማይፈታው አቻው ይልቅ መድኃኒቱን ፈጥኖ የሚለቅ ተሸካሚ መሥራት ይቻል እንደሆነ ነው።» ርዕሱንም በዚሁ ልክ ያጥቡት። የጠበበ አባባል ይዘው ሲቀርቡ ፈታኞች የሚጠይቁዎ እርስዎ ስለለኩት ነገር ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድመው ግን ያችን የ10 ሚሊሞላር መፍትሔ እንደገና ያዘጋጁና የፒኤች መለኪያውን ይንከሩባት። 7.4 ካነበበ በያዙት ውጤት ላይ ማነጻጸሪያውን ፖሊመር መሥራት ይጀምሩ። 5 ወይም ከዚያ በታች ካነበበ፣ ግሉታታዮን የሌለበትን መፍትሔ ወደዚያው ፒኤች አውርደው ሙከራውን ይድገሙት፤ ሁለቱ ኩርባዎች ከተደራረቡ እስካሁን የለኩት አሲዱን ነው፣ ከተለያዩ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የዳይሰልፋይዱ ድርሻ ነው።